ጋትኩዎት

ጋምቤላ በባንክ መስኮት ስሠራ «ጋትኩዎት» የሚለውን ስም ስንት ጊዜ ጻፍሁት! «የአምላክ ልጅ» ማለት መሆኑን የነገረኝ አንድ አረጋዊ ደንበኛ ነው፤ ሳልጠይቅ መኖሬ አሳፈረኝ።

ሚስዮናውያኑ ቀድመውኝ ጠይቀዋል። ባሮ ድንበር ተሻግሮ ሶባት በሚባልበት፣ በዛሬዪቱ ደቡብ ሱዳን ናስር፣ አሜሪካዊቷ ኤሊኖር ቫንዴቮርት በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወንጌልን ወደ ኑዌርኛ ስትተረጉም ባዕድ ስም ይዛ አልመጣችም፤ ኑዌሮች ፈጣሪን የሚጠሩበትን «ኩዎት» ተቀበለች። የአኙዋኩም መጽሐፍ «ጅዎክ» ይላል።

ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1956 (እ.ኤ.አ.) ስለ ኑዌር ሃይማኖት ባሳተመው ጥናት፣ «ኩዎት» ትንፋሽንም እንደሚያመለክት ጽፏል። የእኛው «መንፈስ»ስ ከ«ነፈሰ» የወጣ አይደለምን? ኢዛናም ክርስትናን ሲቀበል በድንጋይ ያስቀረጸው ሕዝቡ በሚገባው ግእዝ «የሰማይ ጌታ» ብሎ ነው።

«ኩዎት» እያለ የሚጸልየውን ሰው «አምላክን አያውቅም» የሚል ደገኛ ሰባኪ ግን ዛሬም ይገጥመኛል።