ታፔላው ላይ «ምኞት» ይላል

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1920 እስከ 1948፣ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ታፔላው ላይ «ዲዛየር» ማለትም «ምኞት» የሚል የጎዳና ባቡር ይመላለስ ነበር። ትራሙ ስሙን ያገኘው ከሚሄድበት ሰፈር ጎዳና ነው። ጎዳናው ደግሞ፣ በከተማዋ እንደሚወራው፣ የተሰየመው ዴዚሬ በምትባል የአንድ የእርሻ ባለጸጋ ልጅ ነው፤ በፈረንሳይኛ «የተመኟት» እንደ ማለት። ሴት ልጁን «ምኞት» ብሎ ለሚጠራ አገር ሰው ይህ ብዙም እንግዳ አይሆንም።

ትራሙ የብረት ፍርግርግ ባላቸው በረንዳዎች ሥር፣ በጠባቦቹ የሮያልና የበርበን ጎዳናዎች እየተንገጫገጨ ያልፍ ነበር። ነጮች ከፊት፣ ጥቁሮች ከኋላ ይቀመጡ ነበር። ድንበሩ ወንበር ጀርባ ላይ የሚሰካ፣ እንደ ተሳፋሪው ብዛት ወዲህና ወዲያ የሚነሳ የእንጨት ሰሌዳ ነበር። ከከተማዋ ትራሞችና አውቶቡሶች የተነሳው ገና በ1958 ነው። በኋላ ይህን ትራም በዓለም ዙሪያ ያሳወቀው ፊልም ስለ ሰሌዳው ምንም አይልም።

ለተሳፋሪው ታፔላው ሰም ብቻ ነበር። ወርቁን ያየው ቴነሲ ዊሊያምስ ነው።

ጸሐፌ ተውኔቱ በ1946 እና 1947 በዚያው ሰፈር በሴንት ፒተር ጎዳና ይኖር ነበር። «መካነ መቃብር» የሚል ታፔላ ያለው ሌላ ትራምም በከተማዋ ነበር፤ ኢሊሲያን ፊልድስ፣ በግሪኮች ተረት የሙታን መኖሪያ በሆነው ሜዳ ስም የተጠራ ሰፊ ጎዳናም ነበር። ዊሊያምስ በትራሙ ስም በጠራው ተውኔቱ ሦስቱን አሰካቸው፦ ገጸ ባሕሪው ብላንሽ ዱቧ ምኞትን ተሳፍራ፣ ወደ መካነ መቃብር ተሻግራ፣ ሙታን ሜዳ ላይ ትወርዳለች። በካርታ ከሄድን ነገሩ አያስኬድም፤ የመቃብሩ ትራም የሚሄደው በሌላ አቅጣጫ ነበር፤ የምኞቱ ትራም ግን ራሱ ኢሊሲያን ፊልድስን ያቋርጥ ነበር። ማንም የታክሲ ረዳት እንዲህ ያለ መንገድ ለተሳፋሪ አይነግርም።

ብላንሽ የወላጆቿን ርስት በዕዳ አጥታለች። ባሏ ራሱን ገድሏል፤ እሷም ከአሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ ጋር በመያዟ ከመምህርነት ተባርራለች። የምትጠጋው ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ወደምትኖር እህቷ ወደ ስቴላ ነው። እዚያ ደጋግማ ገላዋን ትታጠባለች፤ ራቁቱን የተንጠለጠለውን አምፖልም በወረቀት ፋኖስ ታስሸፍናለች። ያገባኛል ብላ ተስፋ የጣለችበት ሚች በመጨረሻ ያንን ወረቀት ቀድዶ ፊቷን በብርሃኑ ያየዋል። «ዲዛየር»ን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል፦ «ምኞት» ቢለው ይለዝባል፣ «ፍትወት» ቢለው ከነተግሣጹ ይመጣል። ብላንሽ የተሸከመችው ሁለቱንም ነው።

ተውኔቱ ብሮድዌይ ላይ የተከፈተው በታኅሣሥ 1947 ነው። በግንቦት 1948 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ፤ በዚያው ወር የምኞት መስመር ተዘጋ። ለጠባቦቹ ጎዳናዎች አውቶቡስ ተመረጠ።

ከመስመሩ መቆረጥ በኋላ ሁለተኛው ቆረጣ የመጣው ከሆሊዉድ ነው፤ የተቆረጠውም ተውኔቱ ነበር። ከ1934 ጀምሮ የስቱዲዮ ጽሑፍ ሁሉ በጆሴፍ ብሪን የሳንሱር ቢሮ ማለፍ ነበረበት። ኤሊያ ካዛን ተውኔቱን ፊልም ሲያደርገው ቢሮው የብላንሽ ባል ወንድ መውደዱ እንዳይነሳ አስገደደ። የስቴላ ባል ስታንሊ ብላንሽን መድፈሩ ግን ቀረ፤ የሚታየው በተሰበረ መስታወትና ጎዳና በሚያጥብ የውኃ ቱቦ ብቻ ነው። ለዚህ የተከፈለው ዋጋ መጨረሻው ነው፦ በተውኔቱ ከባሏ ጋር የምትቀረው ስቴላ፣ በፊልሙ ልጇን ታቅፋ ወደ ጎረቤት ትሸሻለች። ክፉ ሰው ሳይቀጣ ተመልካች ቤቱ መግባት የለበትማ።

ይህም አልበቃም። ፊልሙ ካለቀ በኋላ «የጨዋነት ሌጂዮን» የተባለው የካቶሊኮች ማኅበር ምእመናን እንዳያዩት አወግዘዋለሁ ብሎ አስፈራራ። ስቱዲዮው ዋርነር ብራዘርስ ካዛንን ሳያማክር አራት ደቂቃ ያህል ቆረጠ፤ ዳይሬክተሩም በ1951 ቅሬታውን ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ጻፈ።

ምን እንደተቆረጠ ማየት ያስተዛዝባል። ስታንሊ ስቴላን ከደበደበ በኋላ ደረጃው ሥር ቆሞ ስሟን እየጠራ ይጮኻል፤ እሷም እርምጃ በእርምጃ ትወርድለታለች። ሳንሱሮቹን ያስደነገጣቸው የስታንሊ ዱላ አልነበረም፤ የስቴላ ፊት ነው። ስቴላን የተጫወተችው ኪም ሃንተር ቁጣና ናፍቆት በተቀላቀለበት አወራረድ ስትወርድ በቅርብ የተነሳችበት ምስል ወጥቶ በሩቅ ምስል ተተካ። የፊልሙ ሙዚቃ ደራሲ የአሌክስ ኖርዝ ጃዝም በዚያ ቦታ በሌላ ሙዚቃ ተተካ። ሴት መደብደቧ አለፈ፣ መመኘቷ ግን ተቆረጠ።

ፊልሙ አራት ኦስካር ወሰደ፤ ሦስቱ ብላንሽን ለተጫወተችው ቪቪየን ሊ፣ ለኪም ሃንተርና ሚችን ለተጫወተው ካርል ማልደን ነበር። ስታንሊን የተጫወተው ማርሎን ብራንዶ በሃምፍሪ ቦጋርት ተበለጠ። አራተኛው የሄደው ለመቼት ዝግጅት ነው፤ ታሪኩ በገፋ ቁጥር የክፍሎቹ ግድግዳዎች በጥቂቱ እየተጠጉ እንዲመጡ ተደርገዋልና፣ ብላንሽ ስትታፈን ተመልካቹም ሳያውቀው ይታፈናል። የተቆረጡት ምስሎች ተመልሰው ለሕዝብ የታዩት በ1993 ነው።

ትራሙ ግን አልተመለሰም። ፊልሙ መግቢያ ላይ ብላንሽን አንድ ባሕረኛ ደግፎ የሚያሳፍርበት ትዕይንት የተቀረጸው መስመሩ ከተዘጋ ሁለት ዓመት አልፎት ነው፤ ታፔላው ለካሜራ ሲባል የተሰቀለ ነው። በዚያ ጊዜ እውነተኛው ተሳፋሪ ወደ ሰፈሩ የሚመለሰው ግንባሩ ላይ «ምኞት» በተጻፈበት አውቶቡስ ነበር።