ከነቢያት ልጆች የአንዱ ዕዳ

ይህን የምጽፈው «ጥሪ አለኝ፤ ተበድሬ መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ልግባ ወይ?» ለሚሉ ወንድሞችና እህቶች፣ እንዲሁም እነርሱን ለሚልኩ ሽማግሌዎች ነው።

2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4ን ክፈቱ። አንዲት መበለት እየጮኸች ወደ ኤልሳዕ መጣች። ባሏ ከነቢያት ልጆች አንዱ ነበር፤ በዛሬ ቋንቋ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ተማሪ ልንለው እንችላለን። እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነበር። ግን ዕዳ ትቶ ሞተ። አበዳሪው ሁለቱን ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድ መጣ። ልብ በሉ! ሰውየው እግዚአብሔርን መፍራቱ ዕዳውን አልሰረዘለትም።

ታዲያ የሰባኪን ትምህርት ድሮ ማን ነበር የሚከፍለው? እስቲ ታሪክ እንይ። በ1815 እ.ኤ.አ. በቦስተን ድሃ ወጣቶችን ለወንጌል አገልግሎት የሚያስተምር ማኅበር ተቋቋመ። መጀመሪያ ገንዘቡን በስጦታ ይሰጥ ነበር፤ በ1820ዎቹ ግን ወደ ብድር ለወጠው። አያችሁ፣ የአገልጋይ የትምህርት ብድር የዛሬ ነገር አይደለም።

በ1856 ደግሞ ቻርልስ ስፐርጀን በለንደን የሰባኪዎች ኮሌጅ ጀመረ፤ በአንድ ተማሪ! ወጪውን ከኪሱ፣ ስብከቶቹ ታትመው ከሚያስገቡት ገቢ ይሸፍን ነበር። በአሜሪካ ያለውን ባርነት ሲያወግዝ የስብከቶቹ ሽያጭ እዚያ ወደቀ፤ ኮሌጁም ተቸገረ። በኋላ ጉባኤው ራሱ መባ እየሰበሰበ ሸክሙን ተካፈለ። በቺካጎም በ1886 የዲ. ኤል. ሙዲ ትምህርት ቤት ሲጀመር፣ የማስተማሩን ወጪ የሚሸፍኑት ወንጌልን የሚወዱ ሰጪዎች ነበሩ።

በ1965 የአሜሪካ መንግሥት የከፍተኛ ትምህርት ሕግ አወጣ፤ የተማሪ ብድርም በመንግሥት ዋስትና ተስፋፋ። ለድሃ ልጅ በር ከፈተ፣ እውነት ነው። ግን ቀስ በቀስ ቤተ ክርስቲያን እጇን ሰበሰበች፤ ሸክሙ በተማሪው ትከሻ ላይ ወደቀ። «ጌታ ይርዳህ» ብለን ጸልየን መሸኘት ልማድ ሆነብን።

የእኛ አባቶች ደግሞ ሌላ መንገድ ነበራቸው። በደርግ ዘመን የጸሎት ቤቶች ሲዘጉ፣ ብዙዎች ቀን በመሥሪያ ቤት እየሠሩ ማታ በየቤቱ ቃሉን አስተማሩ። ዲግሪም ደመወዝም አልነበራቸውም። ትምህርት ይናቅ እያልኩ አይደለም፤ እኔም ተምሬያለሁ፣ ተጠቅሜበታለሁም። ግን ሒሳቡን እንሥራ።

አንድ ወንድም 40,000 ዶላር በ6 በመቶ ወለድ ተበደረ እንበል። በ10 ዓመት ለመጨረስ በየወሩ 444 ዶላር ገደማ ይከፍላል፤ ጠቅላላው ከ53,000 ዶላር ያልፋል። ቤተ ክርስቲያኑ በወር 2,500 ብትከፍለው አስራቱ 250 ነው። ለአበዳሪው ግን የአስራቱን እጥፍ ሊያህል ምንም አይቀረው!

እኔ ራሴ ተበድሬ ነው የተማርኩት። የምረቃ ቀን እልልታው ቀለጠ። ስድስት ወር ሲሞላ የክፍያው ደብዳቤ መጣ። በዚያው ሰሞን እረኛ የሌላት አንዲት ትንሽ ጉባኤ «ና አገልግለን» አለችኝ። የምትከፍለው የቤት ኪራይ እንኳ አይሸፍንም ነበር። አልሄድኩም። ሌሊት ሌሊት መኪና ማቆሚያ እየሠራሁ ዕዳዬን ከፈልኩ። ያች ጉባኤ በሁለት ዓመት ውስጥ ተበተነች። የልጆቻቸው ፊት ዛሬም በዓይኔ ላይ አለ። በሩን ሰይጣን ዘጋው ብዬ እንዳልናገር፣ ወረቀቱ ላይ ያለው የገዛ ፊርማዬ ነው።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። የት ነው የማገለግለው? ለሆስፒታል ወይም ለጦር ሠራዊት ቻፕሊንነት ከሆነ እውቅና ካለው ትምህርት ቤት የተገኘ የማስተርስ ደረጃ ትምህርት ይጠየቃል፤ ደመወዙም ዕዳውን ሊሸከም ይችላል። ለአንድ ትንሽ ጉባኤ ከሆነ ግን እየሠራችሁ በማታ ወይም በርቀት መማር ይሻላችሁ ይሆናል። ጳውሎስም በቆሮንቶስ ድንኳን ይሰፋ ነበር።

አሜሪካ ያላችሁ ይህንንም እወቁ። በ2007 በወጣ ሕግ፣ ለትርፍ ባልቆመ ድርጅት ሙሉ ጊዜ እየሠራ 120 ወርሃዊ ክፍያ የከፈለ ሰው የቀረው የፌዴራል ብድር ሊሰረዝለት ይችላል። መጀመሪያ የአምልኮና የስብከት ሥራ ሰዓት አይቆጠርም ነበር፤ ከሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይቆጠራል። ግን ሙሉ ጊዜ ማለት በሳምንት ቢያንስ 30 ሰዓት ነው። ለፓስተሯ የትርፍ ሰዓት ብቻ የምትከፍል ቤተ ክርስቲያን ይህን በር ትዘጋበታለች። ሽማግሌዎች፣ ይህ የእናንተ ጉዳይ ነው!

አሁን ወደ መበለቲቱ እንመለስ። ኤልሳዕ «ጸልዪ» ብሎ ብቻ አልሸኛትም። በቤቷ ያለውን ጠየቃት፤ ከጎረቤቶቿም ባዶ ማድጋ እንድትዋስ ነገራት። ዘይቱ የፈሰሰው ጎረቤት በሰጠው ዕቃ ልክ ነው። ማድጋው ሲያልቅ ዘይቱም ቆመ። ከዚያም ሽጪ፣ መጀመሪያ ዕዳሽን ክፈዪ፣ በተረፈው ኑሪ አላት።

ቤተ ክርስቲያን ሆይ፣ ማድጋሽ የት አለ? ዘንድሮ አንድ ወጣት ወደ ትምህርት ስትልኪ የአንድ ሴሚስተሩን ክፍያ ሰብስበሽ ላኪው። እናንተም ወጣቶች፣ በሉቃስ 14 ግንብ ሊሠራ እንዳሰበው ሰው ቁጭ ብላችሁ ኪሳራችሁን ቁጠሩ። ጌታ ሲልካችሁ ለመሄድ ነጻ እግር ይኑራችሁ።

ጌታ ይባርካችሁ። አሜን።