ሲጋሎቫዳ ሱታ

ሲጋሎቫዳ ሱታ (ትርጉሙ «ለሲጋላ የተሰጠ ምክር») ጋውታማ ቡድሃ ሲጋላ ለተባለ ወጣት የሰጡትን ትምህርት የያዘ የቡድሂዝም ጽሑፍ ነው። በፓሊ ቋንቋ በተጻፈው የቴራቫዳ ቡድሂዝም ቅዱሳት መጻሕፍት (ቲፒታካ) ውስጥ ይገኛል። «ዲጋ ኒካያ» ወይም የረጃጅም ንግግሮች ስብስብ ከሚባለው ክፍል 34 ንግግሮች መካከል 31ኛው ነው።

ከቡድሃ ንግግሮች ብዙዎቹ የተነገሩት ለመነኮሳት ሲሆን፣ ይህኛው ግን ቤት፣ ሥራ፣ ገንዘብ፣ ጓደኛና ትዳር ላለው ሰው የተነገረ ነው። በ5ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ተንታኝ ቡድሃጎሳ «ጊሂ ቪናያ» ማለትም «የባለ ቤቶች ሥርዓት» ብሎታል። «ቪናያ» የመነኮሳት መተዳደሪያ ሕግ ስም ስለሆነ፣ አባባሉ ይህ ንግግር በዓለም ለሚኖር ሰው ያንኑ ያህል ቦታ እንዳለው ያሳያል።

ታሪኩ

ንግግሩ የተደረገው በጥንቱ የማጋዳ መንግሥት ከተማ በራጃጋሃ አጠገብ ነው። ቦታው ዛሬ ራጅጊር ተብሎ በሕንድ ቢሃር ግዛት ይገኛል። ቡድሃ በዚያን ጊዜ ቬሉቫና በተባለው የቀርከሃ ደን ተቀምጠው ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ለምጽዋት ወደ ከተማ ሲሄዱ ሲጋላን አዩት። ሲጋላ ማልዶ ከከተማ ወጥቶ፣ ልብሱና ጸጉሩ እንደ ረጠበ፣ እጆቹን አጋጥሞ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ደቡብ፣ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሰሜን፣ ወደ ታችና ወደ ላይ ይሰግድ ነበር።

ቡድሃ ምክንያቱን ሲጠይቁት፣ አባቱ ሊሞት ሲል ለስድስቱ አቅጣጫዎች እንዲሰግድ አደራ እንዳለውና የአባቱን ቃል አክብሮ እንደሚሰግድ መለሰ። ከዚህ አደራ በቀር ሌላ ምክንያት አልጠቀሰም። ቡድሃ አደራውን እንዲተው አልነገሩትም፤ ነገር ግን ለአቅጣጫዎች ክብር የሚሰጠው በዚህ መንገድ አይደለም አሉት። ሲጋላም ትክክለኛው መንገድ የቱ እንደሆነ እንዲያስተምሩት ለመናቸው። የቀረው ንግግር ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው።

መራቅ ያለባቸው አሥራ አራት ነገሮች

ትምህርቱ የሚጀምረው ሰው ሊርቃቸው የሚገቡ 14 ነገሮችን በመዘርዘር ነው። እነዚህም በሦስት ይከፈላሉ፦

• አራት የሚያረክሱ ድርጊቶች፦ መግደል፣ መስረቅ፣ ማመንዘርና መዋሸት።
• ሰውን ወደ ክፉ ሥራ የሚመሩ አራት ምክንያቶች፦ አድልዎ ያለበት ፍላጎት፣ ጥላቻ፣ አለማወቅና ፍርሃት።
• ሀብት የሚያባክኑ ስድስት መንገዶች፦ የሚያሰክር መጠጥ፣ ያለ ሰዓቱ በየመንገዱ መዞር፣ ከጭፈራና ከትርኢት አለመለየት፣ ቁማር፣ መጥፎ ጓደኛና ስንፍና።

ለስድስቱ የማባከኛ መንገዶች እያንዳንዳቸው ስድስት ስድስት ጉዳት ተዘርዝሯል። የቁማርን ጉዳት ለምሳሌ ብንወስድ፣ ያሸነፈ ይጠላል፤ የተሸነፈ በጠፋው ገንዘብ ያዝናል፤ በእጅ ያለው ሀብት ያልቃል፤ የቁማርተኛ ቃል በሸንጎ አይታመንም፤ ወዳጆቹ ይንቁታል፤ ሚስት ማስተዳደር አይችልም ተብሎ ለትዳር አይፈለግም። ከስድስቱ ሁለቱ ብቻ ገንዘብ ማጣትን የሚመለከቱ ሲሆኑ፣ የሚበዙት የሰው እምነት ማጣትን የሚያሳዩ ናቸው።

ስንፍናን በሚመለከተው ክፍል ደግሞ ሰነፍ ሰው የሚያቀርባቸው ስድስት ሰበቦች ተቆጥረዋል፦ ብርድ ነው፣ ሙቀት ነው፣ መሽቷል፣ ገና ማለዳ ነው፣ ርቦኛል፣ ጠግቤያለሁ። ሰበቦቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው እርስ በርስ ስለሚቃረኑ፣ ሰነፍ ለሥራ የሚመቸው ሰዓት እንደማይኖር ያመለክታሉ።

ስለ ጓደኛ

ከንግግሩ ሰፊ ቦታ የያዘው የጓደኛ ጉዳይ ነው። ወዳጅ መስለው የሚቀርቡ አራት ዓይነት ሰዎች አሉ፦

• ሁልጊዜ ተቀባይ የሆነ፦ ጥቂት ሰጥቶ ብዙ የሚፈልግ።
• ባለ አፍ፦ ስላለፈውና ስለሚመጣው እያወራ፣ ዛሬ ሲፈለግ ግን አይመቸኝም የሚል።
• አሞጋሽ፦ ለመልካሙም ለክፉውም ሥራ የሚስማማ፣ በፊት አመስግኖ በኋላ የሚያማ።
• የጥፋት ባልንጀራ፦ በመጠጥ፣ በቁማርና በዘዋሪነት ጊዜ ብቻ የሚገኝ።

እውነተኛ ወዳጆችም አራት ናቸው፦ የሚረዳ፣ በደስታም በመከራም የማይለወጥ፣ ከክፉ ነገር የሚመልስና ያልሰማውን የሚያሳውቅ፣ በወዳጁ ውድቀት የማይደሰት። ልዩነቱ የተቀመጠው በስሜት ሳይሆን በሚታይ ድርጊት ነው። ስለዚህ አንባቢው ጓደኞቹን ብቻ ሳይሆን ራሱንም በዝርዝሩ ሊመዝን ይችላል።

ስለ ገንዘብ አያያዝ

ሀብት ማፍራት በዚህ ጽሑፍ አልተነቀፈም። ንብ ማር እንደምትሰበስብና ኩይሳ ጥቂት በጥቂት እንደሚያድግ፣ ሰው ሌላውን ሳይጎዳ ሀብቱን እንዲያሳድግ ተመክሯል። ገቢም በአራት እንዲከፈል ይመክራል፦ አንዱ እጅ ለኑሮ፣ ሁለቱ እጅ ለሥራ፣ አራተኛው እጅ ለክፉ ቀን መጠባበቂያ። በዚህ አከፋፈል 4,000 ብር ያገኘ ሰው 1,000 ብሩን ለኑሮው ያውላል፤ 2,000 ብሩን ሥራው ላይ ያደርጋል፤ 1,000 ብሩን ያስቀምጣል ማለት ነው።

ስድስቱ አቅጣጫዎች

ቡድሃ ከዚህ በኋላ ወደ ሲጋላ ጥያቄ ተመልሰው ስድስቱ አቅጣጫዎች ስድስት ዓይነት ሰዎች መሆናቸውን ያስረዳሉ፦

• ምሥራቅ፦ እናትና አባት
• ደቡብ፦ መምህራን
• ምዕራብ፦ ሚስትና ልጆች
• ሰሜን፦ ወዳጆችና ባልንጀሮች
• ታች፦ አገልጋዮችና ሠራተኞች
• ላይ፦ መናንያንና የሃይማኖት መምህራን

አመዳደቡ ከፓሊ ቃላት ፍቺ ጋር ይያያዛል። የምሥራቅ ስም «ፊት» ወይም «ቀድሞ» የሚል ስሜት ስላለው ልጅን ለሚቀድሙት ወላጆች ተሰጥቷል። ደቡብን የሚያመለክተው «ዳኪና» ቀኝንና ስጦታንም ስለሚያመለክት፣ ስጦታ ከሚገባቸው መምህራን ጋር ተያይዟል። የምዕራብ ስም «ኋላ» ማለት በመሆኑ ቆይተው ለሚመጡት ለሚስትና ለልጆች ሆኗል። ሰሜን ደግሞ «ማዶ» የሚል ትርጉም ስላለው፣ ሰው በእነርሱ እርዳታ ችግርን የሚሻገርባቸው ወዳጆች ቦታ ነው።

የትምህርቱ ዋና ነጥብ ግዴታው ከሁለቱም ወገን መሆኑ ነው። ልጅ ያሳደጉትን ወላጆቹን እንዲጦር ሲነገር፣ ወላጆችም ልጃቸውን ከክፉ እንዲከለክሉ፣ ሙያ እንዲያስተምሩትና ውርሱን በጊዜው እንዲሰጡት ይጠበቃል። ተማሪ መምህሩን እንዲያከብርና በትጋት እንዲማር ሲታዘዝ፣ መምህርም ተማሪው ትምህርቱን በሚገባ መጨበጡን እንዲያረጋግጥና ከሚያውቀው እንዳይሰስት ይጠበቅበታል። ባል ሚስቱን እንዲያከብር፣ እንዳይንቃትና ታማኝ እንዲሆን፣ ሚስትም ቤቷን በትጋት እንድትመራና ታማኝ እንድትሆን ተነግሯል። አሠሪ ሥራውን በሠራተኛው አቅም ልክ መመደብ፣ ምግብና ደመወዝ መስጠት፣ ሲታመም ማስታመምና ዕረፍት መስጠት አለበት፤ ሠራተኛውም ሥራውን በደንብ መሥራትና ያልተሰጠውን አለመውሰድ አለበት።

በዚህ መንገድ አንድ ሰው ብቻውን ያደርገው የነበረው ስግደት ከሌሎች ጋር ወደሚፈጸም ሥነ ምግባር ተለወጠ። አቅጣጫዎቹን «መጠበቅ» ማለት በዙሪያ ካሉት ሰዎች ጋር ያለውን ግንኙነት ማስተካከል ሆነ። በንግግሩ መጨረሻ ሲጋላ የቡድሃ ምእመን ለመሆን ይጠይቃል፤ ቤቱን ትቶ ግን አልመነነም።

ስርጭትና ትርጉሞች

የፓሊው ጽሑፍ ለረጅም ጊዜ በቃል ሲተላለፍ ቆይቶ፣ በቴራቫዳ ትውፊት መሠረት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ክፍለ ዘመን በስሪ ላንካ ከቀሩት መጻሕፍት ጋር ተጽፏል። በቻይንኛም ከአንድ በላይ ጥንታዊ ትርጉሞች አሉት፤ ከእነዚህ አንዱ በ413 (እ.ኤ.አ.) በተተረጎመው የረጃጅም ንግግሮች ስብስብ ውስጥ ይገኛል። በእንግሊዝኛ ከታወቁት ትርጉሞች መካከል የሪስ ዴቪድስ ባልና ሚስት በ1921 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ይጠቀሳል። በታይላንድ ስድስቱ አቅጣጫዎች በትምህርት ቤት የቡድሂዝም ትምህርት ውስጥ ይሰጣሉ።

አስተያየትና ትችት

ጽሑፉ የዘመኑን ማኅበረሰብ መልክ ይዟል። ትዳርን የሚያመቻቹት ወላጆች ናቸው፤ ሠራተኛ ከአሠሪው ቀድሞ እንዲነሣና ቆይቶ እንዲተኛ ይጠበቃል፤ የተነገረውም ለወንድ ልጅ ነው። በዚህ ምክንያት የዛሬ አንባቢዎች ዝርዝሩን እንዳለ ከመቀበል ይልቅ፣ ከሥሩ ያለውን የመተሳሰብ መርህ መውሰድ እንደሚሻል ይከራከራሉ። ሌሎች ደግሞ ጽሑፉ አሠሪና ባል ጭምር ግዴታ እንዳለባቸው በግልጽ ማስቀመጡን እንደ ጠንካራ ጎኑ ያነሣሉ።

ከኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ ጋር ሲነጻጸር

ሲጋሎቫዳ ሱታ በግዕዝ አይታወቅም። ይሁን እንጂ ከቡድሃ የሕይወት ታሪክ የመነጨ ትረካ በብዙ ቋንቋዎች አልፎና ክርስቲያናዊ መልክ ይዞ ኢትዮጵያ ደርሷል። ይህም እጨጌ ዕንባቆም በ1553 (እ.ኤ.አ.) ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ የተረጎመው «በረላምና ይዋሴፍ» ነው። የዚያ መጽሐፍ ወጣት ልዑል ይዋሴፍ ዙፋኑን ትቶ ይመንናል። ሲጋላ ግን የአባቱን ሀብትና አደራ ይዞ ወደ ቤቱ ከሚመለሰው ወጣት ወገን ነው። ቡድሂዝም ስለ ምናኔ ብቻ የሚያስተምር እምነት ተደርጎ ሲታሰብ፣ ይህ ንግግር በቤቱ ለሚኖረው ወጣትም የራሱ ትምህርት እንዳለው ያሳያል።