ንግሥተ ሳባ በርበሬ አልቀመሰችም

ባለፈው ሰሞን መኝታ ክፍላችን ክርክር ተነሣ። አንዱ ወዳጃችን «በርበሬ ከንግሥተ ሳባ ጀምሮ የኛ ነው» ቢል፣ እኔ «ተው እንጂ!» አልኩት። በሣቅ ተጀመረ፤ ኋላ ግን ድምፁ ከፍ አለ። ሰው በወጡ ሲመጡበት በሃይማኖቱ የመጡበት ያህል ይቆጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሎምቦስ በ1492 (እ.ኤ.አ.) ውቅያኖስ እስኪሻገር ድረስ ከአሜሪካ ምድር ውጭ አንዲት ፍሬ በርበሬ፣ ቃሪያ ወይም ሚጥሚጣ አልነበረችም። በርበሬን ያላመዱት የሜክሲኮ ጥንታውያን ገበሬዎች ናቸው። ቲማቲምም እዚያው ነው ወግ ያየው፤ «ቶማትል» የሚለው የናዋትል ቃል በስፓኞች አፍ ዞሮ፣ በዐረብኛ በኩል «ቲማቲም» ሆኖ ደረሰን። የአክሱም ሰውና ላሊበላን ያነጸው ትውልድ ቅመም ቢያሻው ዝንጅብልና ኮረሪማ ነበረው እንጂ ድልህ አያውቅም። ፋሲል በ1636 ጎንደርን ሲቆረቁር እንኳ ከኮሎምቦስ ጉዞ ወዲህ ገና 144 ዓመት ነበር።

እኔ የሳንጃ ልጅ ነኝ። ሳንጃ ከጎንደር ወደ ሑመራ ሲወርዱ የምትገኝ ቆላ ናት፤ በዚያ ሙቀት ትኩስ ወጥ ሁሌ አያሰኝም። እናቴ ቲማቲሙን እንዳለ ከቃሪያው ጋር ምጣድ ላይ ጣል ታደርገዋለች፤ ዘይት የለ፣ ውሃ የለ። ቆዳው ጠቁሮ እስኪሰነጠቅ ታገላብጠዋለች። ያረረውን ሁሉ አትልጥም፤ ጢሱ እዚያ ነዋ! ነጭ ሽንኩርትና ጨው ጨምራ ድንጋይ ላይ ደቆስ፣ ከዚያ በእንጀራ። ጥሬውን ከትፎ ማቅረብ ይቀላል፤ ግን ውሃ ውሃ ይላል።

የሜክሲኮ ሴቶችም ይህንኑ ያደርጋሉ። ምጣዳቸው «ኮማል» ይባላል፣ የሸክላ ነው፤ መውቀጫቸው «ሞልካሄቴ» ባለሦስት እግር ድንጋይ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በርናርዲኖ ደ ሳአጉን የተባለ መነኩሴ በገበያ የሚሸጠውን የቃሪያና የቲማቲም ማባያ ዓይነት በዓይነቱ አስጽፏል። የኛ ዜና መዋዕል ዘመቻና ሹመት ሲቆጥር፣ ያንን እንግዳ ፍሬ ተቀብላ ያደረቀችውን፣ ከበሶብላና ከጥቁር አዝሙድ ጋር አዋሕዳ በርበሬ ያደረገችውን ሴት ስም አልያዘልንም። እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው፤ የዘሩ አገር አይደለም። «የኛ ነው» ካልን የኛ ያደረገችው እሷ ናት፤ ንግሥተ ሳባን ምን አመጣት?

ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ «ታዲያ የሜክሲኮ ባለዕዳ ነን በለኛ!» አለ። ዕዳስ ሌላም አለ። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1936 አገራችንን ወርራ የኔ ናት ስትል፣ ወረራውን አላውቅም ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዱ የሜክሲኮ ነበር። አደባባዩ በስሟ የተጠራው በዚህ ነው፤ በሜክሲኮ ከተማም የኢትዮጵያ አደባባይ አለ። ወዳጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ታክሲ የሚሳፈረው ከዚያው ከሜክሲኮ ነው።