ክፉን በክፉ ስላለመመለስ

ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት፣ በ12ኛው ምዕራፍ፣ ማንም የክፋትን ብድር በክፋት እንዳይመልስ፣ በቀልንም ለእግዚአብሔር እንዲተው ያዝዛል። በቀልን ተው ማለት ፍርድ ይቅር ማለት ነውን ቢሉ፣ አይደለም። በ13ኛው ምዕራፍ ሹም ሰይፍ የታጠቀ ክፉ አድራጊን ሊቀጣበት እንደ ሆነ አስከትሎ ያስተምራልና። እንግዲህ የከለከለው የተበዳዩን እጅ ነው እንጂ የዳኛውን ወንበር አይደለም።

ይህ ትእዛዝ አስቀድሞ ለሮሜ ሰዎች ተጻፈ። ወደ 1,900 ዓመት ከሚጠጋ ዘመን በኋላ ግን ከሮም በመጣ ሠራዊት የተበደለው የኢትዮጵያ ሕዝብ ሊፈተንበት ሆነ።

በደሉስ ምን ነበር ቢሉ፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ አደባባይ በጥይት ተገደሉ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በእንደራሴው በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ቢጥሉ፣ ጣልያኖች ሦስት ቀን ሙሉ ያገኙትን ሁሉ ፈጁ፤ የኢትዮጵያ መንግሥት የሞቱትን 30,000 ብሎ ቈጠረ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮም በላከው ወሬ 297 መነኮሳት መገደላቸውን ገለጸ፤ ኋላ ሲመረመር ግን ቍጥሩ ከዚህ እጅግ የበለጠ ሆኖ ተገኘ።

ጠላት አዲስ አበባን በያዘ በ5 ዓመቱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ከተማይቱ ገቡ። በዚያን ቀን በተናገሩት ቃል ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ፣ ጠላት ያደረገውን ጭካኔ እንዳይደግም፣ የኢትዮጵያንም ስም እንዳያሳድፍ አዘዙ። በከተማይቱ ብዙ ሺህ ጣልያኖች ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ነበሩ። አባቱና ወንድሙ የተገደለበት ሰው ዓይን ለዓይን ሲያያቸው ልቡ እንዴት እንደሚነድ አንባቢ ያስተውል። ሆኖም የተፈራው እልቂት አልሆነም።

በቀል ስለ ምን ይከለከላል ቢሉ፣ ቍጥር ስለማያውቅ ነው። በየካቲት ቦምብ የጣሉት ጥቂቶች ሳሉ በቀሉ ሺዎችን በላ። አንድም፣ በደለኛውንና ንጹሑን ስለማይለይ ነው፤ የጣልያን ሕፃን የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት አልረሸነም። ደም መመላለስ የገባበት አገርም ማን እንደ ጀመረ እስኪረሳ ድረስ ልጅ በአባቱ ዕዳ ሲሞት ይኖራል።

ነገር ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል። ሕዝቡ እጁን ሰብስቦ ፍርድን ቢጠብቅ፣ ፍርዱ መጣን? ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ባዶሊዮና ግራዚያኒ ያሉባቸውን የ10 ጣልያኖች ስም ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል መርማሪዎች አቀረበ፤ በኢትዮጵያ ስለ ፈሰሰው ደም ግን አንድ ስንኳ ለፍርድ አልቆመም። ግራዚያኒ በ1942 ዓ.ም. በአገሩ 19 ዓመት ቢፈረድበት፣ ከጀርመኖች ጋራ ስለ ማበሩ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ተፈታ።

ታዲያ ይቅርታው ከንቱ ሆነ እንበልን? አንበል። ይቅርታ የተበዳዩ ነው፤ ፍርድ የዳኛው ዕዳ ነው። ዳኛው ዕዳውን ባይከፍል ኀፍረቱ የዳኛው ይሆናል እንጂ፣ እጁን ከንጹሕ ደም የጠበቀውን ሰው አያገኘውም። ይቅር ያለ ሕዝብ ግን የሞቱትን መርሳት አይገባውም፤ የበደሉን ልክ ያላወቀ ምን ይቅር እንዳለ አያውቅምና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።