ደብተሩና መደርደሪያው፦ ትልልቅ ሱፐሮች ወደ ኔጌቭ እንዴት መጡ?

ልጅ ሆኜ በየሳምንቱ ሐሙስ አንድ ሥራ ነበረኝ። አያቴ ከሰፈራችን ማኮሌት በዱቤ የወሰደችውን ዕቃ ባለሱቁ በደብተር ይጽፋል፤ እኔ ደግሞ ደብተሩን አነብላታለሁ። እሷ ዕብራይስጥ ማንበብ አትችልም። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ፣ አንድ ሐሙስ ላይ ዳቦ ለአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ተጽፎ አገኘሁ። ለባለሱቁ ነገርኩት፤ ሳቀና ሰረዘው። ወደ ቤት ስንመለስ ግን አያቴ ደስ አላላትም። «ለምን በሰው ፊት ተናገርሽው? ነገም እኮ ዳቦ እንፈልጋለን» አለችኝ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በከተማችን ዳር፣ ፋብሪካዎቹ ባሉበት አካባቢ፣ አንድ ትልቅ ሱፐር ተከፈተ። ማኮሌቱ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት እንኳ አልቆየም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ታሪክ መማር ስጀምር ይህን ነገር የማስበው እንደ ኀዘን ነበር፤ ትልቁ ትንሹን ዋጠው፣ አለቀ። አያቴን ስጠይቃት ግን ሌላ መልስ ሰጠችኝ። መልሷን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። እሱን ለመረዳት ግን መጀመሪያ ሱፐሩ እኛ ዘንድ እስኪደርስ የተጓዘውን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት ሱቆች፣ አንድ ዓመት

በ1916 በአሜሪካ፣ ሜምፊስ ከተማ፣ ክላረንስ ሳንደርስ የሚባል ነጋዴ «ፒግሊ ዊግሊ» የተባለ ሱቅ ከፈተ። እስከዚያ ድረስ ገዢ ባንኮኒው ፊት ቆሞ የሚፈልገውን ይናገራል፣ ሻጩ ያመጣለታል። ሳንደርስ ገዢው ራሱ ከመደርደሪያ እያነሳ መውጫው ላይ እንዲከፍል አደረገ። በያንዳንዱ ዕቃ ላይም ዋጋ ተለጠፈ። ዛሬ ተራ ነገር ይመስለናል። ያን ጊዜ ግን ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት የሚነጋገሩበትን ልማድ ያስቀረ ለውጥ ነበር።

በዚያው በ1916፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ረሃብ መካከል፣ በገሊላ የነበሩ አይሁዳውያን ሠራተኞች «ሃማሽቢር» የተባለ የኅብረት ድርጅት አቋቋሙ። ዓላማው እህል ሰብስቦ ነጋዴ ሳያተርፍበት ለሠራተኛው ማድረስ ነበር። በኋላ በየኪቡጹና በየሞሻቩ ለነበረው የኅብረት ሱቅ፣ ለጻርኻኒያ፣ ዋና አቅራቢ የሆነው ይህ ድርጅት ነው።

በዚህች አገር የገጠር ሱቅ ታሪክ በነዚህ በሁለቱ ሐሳቦች መካከል የተደረገ ረጅም ፉክክር ነው ብል አልተሳሳትኩም። አንዱ «ዋጋውን ጻፍና ሰውየው ራሱ ይምረጥ» ይላል። ሌላው «ሱቁ የሁላችን ይሁን» ይላል።

በካርታ ላይ የተተከሉ ከተሞች

መንግሥት ከተመሠረተ በኋላ ምግብ እጥረት ነበር። ከ1949 ጀምሮ «ጼና» የተባለው የቁጠባ ሥርዓት ወጣ፤ ሰው ዘይትና ስኳር የሚገዛው በኩፖን ሆነ። ሥርዓቱ ሙሉ በሙሉ ያበቃው በ1959 ነው። በነዚያው ዓመታት ሕዝቡ በቴል አቪቭና በሃይፋ እንዳይከማች ተብሎ በካርታ ላይ አዳዲስ ከተሞች ተተከሉ፦ ዬሩኻም በ1951፣ ዲሞና በ1955፣ ነቲቮት በ1956። ከሞሮኮና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ብዙ ስደተኞች ከመርከብ ወርደው በቀጥታ ወደነዚህ ቦታዎች ተወሰዱ።

ከተማ ሲተከል ቤትና ፋብሪካ ይታቀዳል። ሱቅ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ጻርኻኒያ፣ አንድ ሁለት ማኮሌት ነው። በሞሻቭ ደግሞ ገበሬው ከጻርኻኒያው የወሰደው ዕቃ ከማኅበሩ ጋር ባለው ሒሳብ ላይ ይመዘገባል፤ ምርቱ ሲሸጥ ይቀነስበታል። ጥሩ ጎኑ፣ ገንዘብ ባይኖርም ልጅ አይራብም። መጥፎ ጎኑ፣ ሌላ ቦታ ሄደህ መግዛት አትችልም። ያው ደብተር ነው።

በ1958 የመጀመሪያው ሱፐርማርኬት፣ ዛሬ ሹፈርሳል የምንለው፣ ሲከፈት የተከፈተው በቴል አቪቭ፣ በቤን ዬሁዳ መንገድ ነው። ትንንሽ ባለሱቆች ተቃወሙት። ከዚያ በኋላም ሱፐር ለረጅም ዓመታት በዋናነት የከተማ ነገር ሆኖ ቆየ። ምክንያቱ ንቀት ብቻ አይመስለኝም፤ ስሌት ነው። ትልቅ ሱቅ ትርፍ የሚያገኘው ብዙ በመሸጥ ነው። ከማከፋፈያው መጋዘን፣ ከመርሎጉ፣ የሚነሳው መኪና ሞልቶ መሄድ አለበት። ሩቅ መንገድና ጥቂት ገዢ ሲገናኙ ሒሳቡ አይወጣም።

ስሌቱ ሲገለበጥ

ስሌቱን የገለበጠው ሰው ሳም ዋልተን ነው። በ1962 በአሜሪካ፣ በአርካንሶ ግዛት፣ ሮጀርስ በምትባል ትንሽ ከተማ የመጀመሪያውን ዋልማርት ከፈተ። ትልልቆቹ ድርጅቶች ትንሽ ከተማን ሲንቁ እሱ ፉክክር የሌለው እዚያ መሆኑን አየ። መጋዘን ይሠራል፣ መኪና በአንድ ቀን ሊደርስበት በሚችለው ርቀት ውስጥ ሱቅ ይከፍታል፣ አካባቢው ሲሞላ ወደ ቀጣዩ ይሻገራል።

እኛ አገር ነገሩ የተከፈተው በሌላ መንገድ ነው። በ1984 የዋጋ ንረት በዓመት ከ400 በመቶ በላይ ደረሰ። በ1985 የወጣው የኢኮኖሚ ማረጋጊያ ዕቅድ ንረቱን አስቆመ፤ ብድር ግን ተወደደ፣ በዕዳ የሚኖሩ ብዙ የሞሻቭ ማኅበራትም ተንኮታኮቱ። ከማኅበሩ ጋር ጻርኻኒያውም ተዳከመ። በኋላ መንገዱም መጣ፤ የክቪሽ 6 የመጀመሪያው ክፍል በ2002 ተከፈተ፣ ከዚያም እየተራዘመ ወደ ኔጌቭ ወረደ። መኪና ያለው ቤተሰብም በዛ። በ1976 በኢየሩሳሌም፣ በማኻኔ ዬሁዳ ገበያ፣ በአንዲት ትንሽ ሱቅ የጀመረው ራሚ ሌቪ፣ በርካሽ ዋጋ የሚሸጡ ትልልቅ ሱቆች ባለቤት የሆነው በዚህ ዘመን ነው። የኅብረት ሱቁ ደከመ፣ መንገዱ አጠረ፣ ገዢው በዛ፤ ስሌቱ ኔጌቭ ላይም መውጣት ጀመረ።

እኛ የት ነበርን?

የኛ ሰዎች ወደዚህ ታሪክ የገቡት መሃሉ ላይ ነው። በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ መጡ። ብዙዎቹ ከሆቴልና ከሜርካዝ ክሊጣ በኋላ ከከተማ ርቀው በተተከሉ የካራቫን ሰፈሮች ኖሩ። እናቴ የምታስታውሰው እንዲህ ያለ ሰፈር ነው፦ አንድ ሱቅ፣ አልፎ አልፎ የሚመጣ አውቶቡስ። ርካሽ ሱቅ ከተማ ውስጥ እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ የታክሲው ዋጋ ግን የረከሰውን ይበላዋል።

አያቴ ከዚያ በፊት የምታውቀው ገበያ የጎንደር ገጠር ገበያ ነው። በእግር ሰዓታት ይኬዳል፣ ቅዳሜ ከዋለ አይኬድም፣ ሰንበት ነው። ከሌላ ሰው ገንዘብ ሲቀበሉ ሳንቲሙን ውሃ ውስጥ የሚያስጥሉም ነበሩ። ዋጋ ግን በግልጽ ይከራከሩበታል። በቁና ሲሰፈር ታየዋለች፤ አንሷል ካለች ትላለች፣ ካልተስማማች ወደ ሌላው መደብ ትሄዳለች። ፊደል ሳትቆጥር ሒሳቧን ታውቅ ነበር። እዚህ ስትመጣ ነው በደብተር ፊት ዝም ያለችው።

ማን አተረፈ?

በአሜሪካ፣ የአይዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ኢኮኖሚስት ኬኔት ስቶን ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ዋልማርት በገባባቸው ትንንሽ ከተሞች ላይ ጥናት አድርጎ ነበር። ሱቁ የተከፈተባት ከተማ በጠቅላላው ገበያዋ ይጨምራል። በዙሪያዋ ያሉት ትንንሾቹ ግን ይደርቃሉ። በከተማዋ ውስጥም ከግዙፉ ጋር አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡት ይጎዳሉ፤ እሱ የሌለውን የሚሸጡት ይተርፋሉ።

ይህን ሳነብ የሰፈሬ ሱቆች ፊቴ ላይ መጡ። ማኮሌቱ ተዘግቷል። ጤፍ፣ በርበሬና ቡና የሚሸጠው የኛ ሰዎች ሱቅ ግን እስካሁን አለ። እስከ መቼ እንደሆነ እንጃ፤ ዛሬ የጤፍ ዱቄት በትልልቁ ሱፐርም የጤና ምግብ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

ሌላም ነገር አለ። ሱፐሩ የሚያረክሰው ፉክክር ሲኖርበት ነው። ብቻውን ሲቀር ያው ማኮሌት ነው፣ ግዙፍ ማኮሌት። በ2011 የኮቴጅ አይብ ተቃውሞ ከተነሳ በኋላ፣ በ2014 የወጣው የምግብ ፉክክር ሕግ ይህን ለመግታት ሞክሯል። አንድ ትልቅ ድርጅት በአንድ አካባቢ ገበያውን ብቻውን እንዳይዝ ገደብ አበጀ፤ ትልልቆቹም ዋጋቸውን በኢንተርኔት እንዲያወጡ አስገደደ። ማለትም ማንኛችሁም በስልካችሁ የከተማችሁን ዋጋ ከሌላ ከተማ ጋር ማወዳደር ትችላላችሁ። እናቶቻችን ይህ አልነበራቸውም።

የአያቴ መልስ

አሁን ወደ መልሱ ልመለስ። «ማኮሌቱ በመዘጋቱ አዘንሽ?» ስላት፣ «ለሰውየው አዝኛለሁ፤ በክፉ ቀን አብልቶናል» አለችኝ። ቀጥላም «ሱፐሩ ውስጥ ግን ዋጋው ለኔም ለሌላውም አንድ ነው። ማንንም አልለምንም» አለች።

ይህ መልስ የኔን የኀዘን ታሪክ አፈረሰው። እኔ ደብተሩን እንደ ፍቅር አይቼው ነበር፤ እሷ ዕዳ መሆኑን አልረሳችም። ሆኖም ታሪኩ እዚያ ላይ አያበቃም። ዛሬ አያቴ እግሯ ደክሟል። ሱፐሩ ያለው ከከተማው ዳር ነው፣ የመኪና ማቆሚያው ሰፊ ነው፣ እሷ ግን መኪና የላትም። ማኮሌቱ በነበረበት ጊዜ አምስት ደቂቃ ሄዳ ወተት ታመጣ ነበር። አሁን ልጅ እስኪመጣ ትጠብቃለች። ዋጋው ለሁሉም አንድ ነው፤ መንገዱ ግን ለሁሉም አንድ አይደለም።

ስለዚህ ጥያቄው «ትልቅ ይሻላል ወይስ ትንሽ?» አይመስለኝም። ዋጋውን ማን ይጽፋል? የተጻፈውን ማን ማንበብና ማረም ይችላል? ሱቁ የቆመው ለማን እግር በሚመች ቦታ ነው? ከጻርኻኒያው ጀምሮ እስከ ሱፐሩ ድረስ የኔጌቭን ሰው የጎዳውም የጠቀመውም ነገር ከነዚህ አይወጣም። ከተማችሁ ውስጥ አዲስ የገበያ ማዕከል ሲታቀድ እነዚህን ጥያቄዎች ለማዘጋጃ ቤቱ ማቅረብ የኛ የልጆቹ ድርሻ ነው፤ ዕብራይስጡን እናነባለን።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምናችሁ። በየቤቱ የድሮ የዱቤ ደብተር ወይም ደረሰኝ ካለ አትጣሉት። አያቶቻችን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምን እንደበሉ፣ ስንት እንደከፈሉ ከዚያ የተሻለ ምስክር የለም። የኛን ደብተር ማን እንደጣለው አላውቅም። አያቴ ግን የሱፐሩን ደረሰኝ ሁሉ በአንድ ብስኩት ቆርቆሮ ታስቀምጣለች። ሐሙስ ስሄድ አውጥታ ትሰጠኛለች። «አንብቢልኝ፤ ሁለቴ የተጻፈ እንዳለ» ትለኛለች።