ሚግዳል (አሽቀሎን)

ሚግዳል በደቡብ እስራኤል የምትገኘው የአሽቀሎን ከተማ አሮጌ ሰፈር ነው። እስከ 1948 ድረስ መጅደል የሚባል የፍልስጤማውያን ከተማ ነበር፤ ስሙን ያስጠራውም የሸማኔዎቹ እጅ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በከተማይቱ ውስጥ ለጥበብ ሰፈር የሚቀርብ ቦታ የሚፈልግ ሰው ከሚግዳል የተሻለ አያገኝም፤ ዛሬ ግን እንደ ፓሪሱ ሞንማርት ሠዓሊ በየጥጉ ይገኛል ብሎ መሄድ የለበትም።

የባሕር ዳሯን የጥንት አሽቀሎን ቅጥር ሳላዲን በ1191 አስፈረሰው። በ1270 ደግሞ የማምሉኩ ሱልጣን ባይባርስ የቀረውን ምሽግ ከነወደቡ አጠፋ። ከዚያ ወዲህ የአካባቢው ኑሮና ገበያ ከባሕሩ ፈቀቅ ወዳለችው መጅደል ዞረ። በ1300 ኤሚር ሳላር ያሠራው መስጊድ አሁንም ቆሟል፤ የከተማው ሙዚየም ያለውም እዚያው ነው። ሙዚየሙ ውስጥ የሚታየው የከነዓናውያን የብር ጥጃ ቅጂ ነው። ዋናው በ1990 በቁፋሮ ከተገኘ በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም ተወስዷል።

በ1920 የወጣ የእንግሊዝ አስተዳደር ዘገባ በመጅደል 550 የጥጥ መሸመኛዎችን ቆጥሯል። በ1945 እንኳ የነዋሪው ቁጥር 10,000 ያልሞላ ስለነበር፣ ሽመናው የጥቂቶች ሙያ ሳይሆን የከተማው እንጀራ ነበር ማለት ይቻላል። የሚሸምኑት ወንዶች ነበሩ። ሸማኔው መርገጫውን በእግሩ እየረገጠ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ ይሰድድ ነበር። ድርና ማጉ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ጥጥ ሲሆን፣ ደማቅ ሮዝና ቱርኩዋዝ ሐር ይገባበታል፤ የሽሮ ሜዳ ሰው ቢያየው ጥለት ነው ከማለት አይመለስም። ጨርቁ በደቡብ ፍልስጤም መንደሮች ለሴቶች የክት ቀሚስ ይውል ነበር። እያንዳንዱ ዓይነት የራሱ ስም ነበረው፤ አረንጓዴና ቀይ መስመር ያለው «ገነትና እሳት» ይባላል።

የእስራኤል ጦር ከተማውን የያዘው በኅዳር 1948 መጀመሪያ ነው። አብዛኛው ሕዝብ ሸሸ። የቀሩት 2,500 ገደማ ሰዎች በታጠረ ክልል ውስጥ ቆይተው በ1950 አብዛኞቹ ወደ ጋዛ ተዛወሩ። ሸማኔዎቹ እዚያ እንደገና ድር ዘረጉ፤ ጨርቁም በጋዛ «መጅደላዊ» እየተባለ ቀጠለ። በባዶዎቹ ቤቶች ከየአገሩ የመጡ አይሁድ ስደተኞች ገቡ። ሌላ ቦታ ነገሩ በሌላ መንገድ ሄዷል፦ በ1916 በዙሪክ የዳዳ እንቅስቃሴን ከጀመሩት አንዱ የሆነው ሮማንያዊው ሠዓሊ ማርሴል ያንኮ በ1953 ከሃይፋ በስተደቡብ ያለችውን ባዶ የዓረብ መንደር የሠዓሊዎች መንደር አድርጎ ኤይን ሆድን መሠረተ። የጃፋ አሮጌ ከተማም በኋላ የሠዓሊዎችና የቀራጮች መኖሪያ ሆነ። ሚግዳል ግን ለሠዓሊ ሳይሆን ቤት ለሌለው ሰው ነው የተሰጠው፤ ስለዚህ ዛሬም የጋለሪ ሳይሆን የገበያ፣ የሱቅና የእግረኛ መንገድ ሰፈር ነው። ለእኔ ይህ ነውር አይደለም።

አሽቀሎን ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ብዙዎቹ የሄዱት በ1984 እና 1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ነው። በጎንደር ዙሪያ፣ በወለቃና በሌሎች መንደሮች፣ ወንዶቹ ቀጥቃጭና ሸማኔ፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ርስት ከተከለከሉ በኋላ እጃቸው ኑሯቸው ሆነ፤ ምስጋናው ግን «ቡዳ» የሚል ስም ነበር። የሸማኔ ልጆች ወደ ሸማኔዎች ከተማ የመጡት መርገጫው ከጠፋ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ የጠበቃቸውም የፋብሪካና የጽዳት ሥራ ነበር። በ2008 በእስራኤል ሕግ ብሔራዊ በዓል በሆነው በቤተ እስራኤላውያን የሲግድ በዓል ቀን የሚለበሰው ነጠላና ቀሚስ ዛሬም ብዙውን ጊዜ ተሸምኖ የሚመጣው ከኢትዮጵያ ነው።